ጠባብ ጫማ፣ ጠባብ ፕሮግራም

አማርኛችን ለአውሮፓ መንገደኛ የመጀመሪያውን ወጥመድ የሚያጠምድለት ገና ከቦሌ ሳይነሣ ነው። «ክረምት» ሲባል ልባችን የሚሄደው ወደ ሰኔና ሐምሌ፣ ወደ ዣንጥላና ጭቃ፣ ወደ በቆሎ ጥብስ ነው። አውሮፓ ክረምት የሚገባው ግን እኛ በጋ ላይ ሆነን ጤፍ በምንወቃበት በታኅሣሥና በጥር ነው። ስለዚህ «ቪየና አሁን ክረምት ነው» የተባለ ሰው ዣንጥላ ሸክፎ ቢነሣ አይፈረድበትም። «በረዶ» የሚለው ቃልም ከዚህ የተሻለ አያግዘውም፤ ቆርቆሮ የሚደበድበው ጠጠርም በረዶ፣ እንደ ጥጥ ብናኝ ድምፁን አጥፍቶ የሚወርደውም በረዶ፣ አስፋልት ላይ መስተዋት መስሎ ተኝቶ የሰው ወገብ የሚጠብቀውም በረዶ ነው። ቃሉ አንድ፣ መዘዙ ሦስት። የቃል ስሕተት ግን ቶሎ ይታረማል፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው በር እስከ ባቡሩ ያለችው መንገድ ለትምህርት ትበቃለች። አስቸጋሪው የፕሮግራም ስሕተት ነው። እኔ የምለው ይህን ነው፦ በአውሮፓ ብርድ የመጀመሪያውን የጉብኝት ቀን የሚያበላሸው ቀኑን እስከ አፉ መሙላት ነው፤ ብርዱ ተባባሪ እንጂ ዋና ተከሳሽ አይደለም። ለዚህ ክርክር ቪየናን በምስክርነት እንጥራ፤ ከተማዋ ብርድንም፣ ቡናንም፣ የአያቶቻችንን ብርም ስለምታውቅ ቃሏ ይታመናል።

እንግዳው ብዙውን ጊዜ ሌሊቱን በአየር ላይ አድሮ ማለዳ ይደርሳል፤ ኪሱ ውስጥም ዝርዝር አለ። ዝርዝሩን ያወጣው ወይ ቪየናን በሐምሌ ያየ ሰው ነው፣ ወይ ቪየናን በስልክ ያየ ሰው ነው። ጠዋት ሾንብሩን ቤተ መንግሥት፤ 1,441 ክፍል አለው፣ ለጎብኚ የሚከፈተው ጥቂቱ ቢሆንም ጥቂቱም ጥቂት አይደለም። ከዚያ የቅዱስ እስጢፋኖስ ካቴድራል፤ ደቡባዊው ግንብ 136 ሜትር ይረዝማል፣ ወደ ላይ የሚያወጡትም ደረጃዎች 343 ናቸው። ከዚያ በፕራተር መናፈሻ እ.ኤ.አ. በ1897 የቆመው ግዙፉ መንኮራኩር። ከዚያ የቀለበት ጎዳናው፤ አፄ ፍራንዝ ዮሴፍ እ.ኤ.አ. በ1857 የከተማዋ ቅጥር እንዲፈርስ አዝዘው በቦታው የተዘረጋው፣ ርዝመቱ አምስት ኪሎ ሜትር የሚያህለው አውራ መንገድ፣ ያውም በእግር። ማታ ደግሞ የገና ገበያ። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ይገጥማል፤ ወረቀት አይበርደውም። ቀኑ ግን አይገጥምም። የእኛ ሰዓት አቆጣጠር ፀሐይን አምኖ የተሠራ ነው፤ 12 ሰዓት ገደማ ትወጣለች፣ 12 ሰዓት ገደማ ትገባለች፣ ዓመቱን ሙሉ ቃሏን ብዙም አታጥፍም። በታኅሣሥ አጋማሽ ቪየና ላይ ያችው ፀሐይ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ40 አካባቢ አርፍዳ ትመጣለች፣ 10 ሰዓት ሲል ደግሞ ቢሮዋን ዘግታ ትሄዳለች። የምሳ ሰዓት የሚያራዝም ሹም እንኳ እንዲህ አልደፈረም። ስምንት ሰዓት ከ20 ደቂቃ ገደማ ለሆነ ቀን የ12 ሰዓት ዝርዝር ይዞ መውጣት፣ ስምንት ሰው ለሚቀመጥበት ታክሲ ዐሥራ ሁለት ሰው መጥራት ነው። ታክሲውስ በእኛ አገር ይችለዋል፤ ቀኑ ግን አይችለውም።

«ብርድ እኮ እናውቃለን» የሚል ሰው እዚህ ላይ መነሣቱ አይቀርም። ደብረ ብርሃን ያደገ ሰው ስለ ብርድ በፈረንጅ አፍ ሲመከር ቢስቅ እውነት አለው። ደብረ ብርሃን ከ2,700 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ናት፤ የቪየና መሃል ከተማ 200 ሜትር እንኳ አይሞላም። በከፍታ ቢወዳደሩ ዳኛ አያስፈልግም። ልዩነቱ ያለው ፀሐይዋ ላይ ነው። የእኛ ብርድ የሌሊት ሌባ ነው፤ ሲነጋ ይሸሻል። ሦስት ሰዓት ላይ ግድግዳ ተደግፎ ፀሐይ የሚሞቅ ሰው ቀስ እያለ ጋቢውን ከትከሻው ያወርዳል። ቪየና ላይ «ፀሐይ መሞቅ» የሚለው አነጋገር ሥራ ይፈታል፤ ፀሐይዋ ትታያለች፣ ፎቶ ላይም ታምራለች፣ ከዚህ ያለፈ ግዴታ ግን አልገባችም። ነገሩ ሒሳብ ነው። ታኅሣሥ 12 ቀን በቀትር አዲስ አበባ ላይ ፀሐይ ከአድማስ ወደ 57 ዲግሪ ከፍ ትላለች፤ ቪየና ላይ 18 ብቻ። አዲስ አበባ አንድ ምጣድ ላይ የሚያርፈው ጨረር ቪየና ላይ አግድሞ ስለሚወድቅ ከሁለት ምጣድ ተኩል በላይ መዳረስ አለበት፤ በዚህ አያያዝ እንጀራ አይበስልም። የቆመ ሰው ጥላ በቀትር የቁመቱን ሦስት እጥፍ ያህል ይረዝማል፤ ሰዓትን በጥላ የሚለኩ አባቶች ቢያዩት መሸ ብለው ለሠርክ ጸሎት በተነሡ ነበር። በጥር ደግሞ የከተማዋ አማካይ ሙቀት ከዜሮ ብዙም አይርቅም። እንግዲህ የደጋ ልጅ ከአገሩ ይዞት የሚሄደው ጥበብ «እስኪነጋ ታገሥ» የሚል ነው፤ ቪየና ላይ ግን ንጋቱ ባዶ እጁን ይመጣል።

ታዲያ ብርዱ በምን ይሸነፋል? መልሱ ቤታችን አለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሙቀቱ የሚመጣው ከጥጡ ብቻ ይመስለናል እንጂ፣ በድርቦቹ መሃል የተያዘው አየር ነው የገላን ሙቀት አላስወጣም ብሎ በር የሚዘጋው። አየር እንደ ልቡ ሲነፍስ ብርድ ነው፤ መቀመጫ አግኝቶ ጸጥ ሲል ብርድ ልብስ ነው። ይህን የዘነጋ እንግዳ በልኩ በገዛው ጫማ ውስጥ ሁለት ካልሲ ደርቦ እግሩን ይጠቀጥቃል። ካልሲዎቹ ይጨፈለቃሉ፣ አየሩ ይወጣል፣ ደሙም መተላለፊያ ይጠበዋል፤ ከዚያ ሁለት ካልሲ ያደረገው ሰው አንድ ካልሲ ካደረገው ቀድሞ የእግሩን ጣቶች በሐሳብ መፈለግ ይጀምራል። በመጨመር የሚገኝ ብርድ ማለት ይህ ነው። የድሮ የቪየና ቤቶችን መስኮት ጠጋ ብሎ ያየ ሰው ያንኑ የጋቢ ጥበብ በእንጨትና በመስተዋት ተሠርቶ ያገኘዋል። መስኮቱ ድርብ ነው፤ አንዱ መዝጊያ በውጭ በኩል፣ ሌላው በውስጥ በኩል፣ እያንዳንዱ የራሱ እጀታ ያለው፤ በመሃላቸው ስንዝር የማይሞላ ባዶ ቦታ አለ። ለችኩል ዓይን ባዶው ቦታ ብክነት ነው፤ አናጺው ግን ቤቱን የሚያሞቀው እሱ መሆኑን ያውቅ ነበር። የእኛ ሸማኔና የቪየና አናጺ ሳይተዋወቁ ተስማምተዋል፦ የሚያሞቀው መሃሉ ነው።

ቀንም ያው ነው። በአንዱና በሌላው ቦታ መሃል ባዶ ጊዜ ያልተተወለት ቀን አየሩ የወጣለት ካልሲ ነው። የተጠቀጠቀው ቀን እንዴት እንደሚሄድ እንመልከት። እያንዳንዱ ቦታ ለእንግዳው አንድ ጉብኝት ነው፤ ለእጁ ግን ሁለት የልብስ ሥነ ሥርዓት ነው። ሲገባ ጓንት፣ ኮፍያ፣ ሻርፕ፣ ካፖርት ይወልቃል፤ መነጽር ካለው ደግሞ እንደ ሻይ ቤት መስኮት በእንፋሎት ይሸፈንና ካቴድራሉን ለጊዜው በግምት ያደንቃል። ሲወጣ ሁሉም በተገላቢጦሽ ይለበሳል። ደጅ ላይ ፎቶ ለማንሣት ጓንት መውለቅ አለበት፤ የስልክ መስተዋት የሚያውቀው ቆዳ እንጂ ሱፍ አይደለምና። ስልኩም ብርድ ይፈራል፤ ባትሪው ቅድም ግማሽ እንዳልነበረ ድንገት ዓይኑን ይጨፍናል። «ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል» ያለው ሰው ሻርፕ አስቦ እንዳልተናገረ እገምታለሁ፤ ግን ለሻርፕ የሚሆን የተሻለ ቃል አልተገኘም። ሁለተኛው ቦታ ላይ አንድ ጓንት ይጠፋል። ሦስተኛው ላይ አፍንጫ ከባለቤቱ ምክር ውጭ መፍሰስ ይጀምራል። አራተኛው ላይ እንግዳው በሙሉ ልቡ የሚያደንቀው አንድ ነገር ብቻ ይቀራል፤ ግድግዳው ሥር ያለው የብረት ማሞቂያ። ለሥዕሎቹ ጀርባውን ሰጥቶ፣ እጆቹን ወደ ኋላ ዘርግቶ ማሞቂያው ላይ ይቆማል። ማታ «ምን አየህ?» ሲባል የሚመልሰው የቦታ ስም ነው፤ ስሙን ደግሞ ሳይመጣም ከዝርዝሩ ያውቀው ነበር።

ስለዚህ የመጀመሪያው ቀን ልክ አንድ ደጅ፣ ሁለት ቤት ይሁን። ደጁ ለሐበሻ አስቀድሞ የተመረጠ ይመስላል፤ የማርያ ቴሬዛ አደባባይ። እ.ኤ.አ. ከ1740 እስከ 1780 የገዛችው፣ ዐሥራ ስድስት ልጆች የወለደችው እቴጌ፣ በፈረስ ላይ በተቀመጡ አራት የጦር አዛዦች ተከብባ፣ ዙፋኗ ላይ እጇን ዘርግታ ተቀምጣለች። ሐውልቱ የተመረቀው እ.ኤ.አ. በ1888 ነው። የሌላ አገር ጎብኚ «ማን ናት?» ብሎ ስልኩን ይጠይቃል። የእኛ ሰው ግን ሴትዮዋን ከአያቱ ሣጥን ያውቃታል፤ ጠገራ ብር ላይ ያለችው እሷ ናት። 28 ግራም ገደማ የምትመዝነው ያች ብር ከቪየና ተነሥታ፣ ባሕር ተሻግራ፣ በበቅሎ ተጭና፣ ከአሞሌ ጨው ጎን ቆማ ስንት ገበያ ፈርዳለች፣ ስንት ጥሎሽ ጨርሳለች። አፄ ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 በራሳቸው መልክ ብር ሲያስመቱ እንኳ ገበያው የለመዳትን ሴትዮ ቶሎ አልለቀቀም። የቪየናው ገንዘብ ማምረቻ ዛሬም ይመታታል፤ የሚቀረጽባትም ዓመት ያው የሞተችበት 1780 ነው። ሰው ሞቶ እንዲህ ከደመወዝ አይቋረጥም። ይህን ሁሉ እያሰቡ በሐውልቱ ዙሪያ አንዴ መዞር ሩብ ሰዓት ይፈጃል፤ እግርም የሚታገሠው እስከዚያው ነው። ሩብ ሰዓቱ ግን በዝርዝሩ ከተያዘው ከተማ ሁሉ ይበልጣል፤ እንግዳው ከማያውቀው አገር መሃል የሚያውቀውን ሰው አግኝቷልና።

ከሐውልቱ ፊት ለፊት፣ መንገድ ሳይሻገሩ፣ እ.ኤ.አ. በ1891 የተከፈተው የሥነ ጥበብ ታሪክ ሙዚየም አለ። ካፖርት ለልብስ ጠባቂዎች ይሰጣል፣ ቁጥር ይቀበላል፣ ሰው ሆኖ ይገባል። እዚህም የመጠቅጠቅ ፈተና አለ፤ ከፈርዖኖች ዘመን ሣጥን እስከ ንጉሥ የጨው ዕቃ ድረስ ልይ የሚል ሰው ውስጥ ሆኖም ይበርደዋል። አንድ ክፍል ይበቃል፣ የፒተር ብሩግል ክፍል፤ ከክፍሉም አንድ ሥዕል ይበቃል፣ እ.ኤ.አ. በ1565 የተሣለው «አዳኞች በበረዶ ውስጥ»። ሦስት አዳኞች ጀርባቸውን ለእኛ ሰጥተው፣ አንገታቸውን ደፍተው፣ በረዶውን እየረገጡ ወደ መንደራቸው ይመለሳሉ። ውሾቻቸው ጅራታቸው ወርዷል። የዋሉበት ሁሉ አንዱ ትከሻ ላይ በተንጠለጠለች አንዲት ቀበሮ ያልቃል። በግራ በኩል ሰዎች እሳት አቀጣጥለው ከበዋል። ከታች ሸለቆው ውስጥ በረዶ በሆነ ኩሬ ላይ ጥቃቅን ሰዎች ይንሸራተታሉ፣ ይጫወታሉ፣ ይወድቃሉ። ሥዕሉ ፊት ግማሽ ሰዓት የቆመ ሰው ነገሩን ይረዳዋል፤ ብዙ የተጓዙት አዳኞች የደከሙ ናቸው፣ ከአንድ ኩሬ ያልራቁት ደግሞ የሚስቁ ናቸው። ብሩግል ስለ ቱሪስት አላሰበም፤ ዝርዝር ይዞ የሚሮጠው እንግዳ ግን ራሱን ከአዳኞቹ መሃል ቢያገኘው አይደንቅም፤ ልዩነቱ አዳኞቹ ቢያንስ ቀበሮ አላቸው። ደግሞም ክረምትን እንዲህ አድርጎ ማየት የሚቻለው ሞቆ ነው። ደጅ ላይ ያለ ሰው ብርዱን ይሸከማል እንጂ አያየውም።

ሁለተኛው ቤት ቡና ቤት ነው፤ በጣም የሚከብደው ተቃውሞም ከዚህ ይነሣል። «የቡና አገር ልጅ ቡና ሊጠጣ ቪየና ይሄዳል? ይህማ ዓባይን ይዞ ውኃ ፍለጋ ነው።» እውነት ነው፤ በቡናው ጣዕም አንከራከርም፣ ፍሬው ከእኛ ደን የወጣ ነው። ቪየናዎች ከኦቶማን ከበባ በኋላ በጠላት ሰፈር ከተተወ ጆንያ ቡና ተገኘ ብለው ተረት ያወራሉ፤ መዝገብ የሚያውቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1685 ዮሐንስ ዲዮዳቶ የተባለ አርመናዊ ቡና ለመሸጥ ፈቃድ ማግኘቱን ነው። የሚታየው ነገር ከስኒው ውጭ ነው። አስተናጋጁ ቡናውን በትንሽ የብር ትሪ፣ ከአንድ ብርጭቆ ውኃ ጋር ያቀርባል። ጋዜጦች በእንጨት መያዣ ተሰቅለው ይጠብቃሉ። አንድ ስኒ ያዘዘ ሰው ሁለት ሰዓት ቢቀመጥ የሚገላምጠው የለም። አንደኛው ዓይነት ቡና በብርጭቆ ይቀርባል፤ ከላዩ ወፍራም የክሬም ድርብ አለው፤ የአንድ ፈረስ ጋሪ ነጂዎች ደጅ ሆነው ደንበኛ ሲጠብቁ ክሬሙ እንደ ጋቢ ሆኖ ቡናውን ትኩስ ያቆይላቸው ነበር ይባላል፤ ስሙም የጋሪያቸው ስም ነው። ኦስትሪያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይህን የቡና ቤት ባህል በአገር አቀፍ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብዋ ውስጥ ስታሰፍር የመዘገበችው ፍሬውን አልነበረም፤ መቀመጡን ነበር። እኛስ ምን የተለየ አደረግን? አቦል እስኪወርድ፣ ቶና እስኪፈላ፣ በረካ እስኪመጣ ያለው ጊዜ ነው ጎረቤት የታረቀበት፣ ሐሜቱ የተጣራበት። ሦስቱን ስኒ በተከታታይ በአንድ ጊዜ ቢቀዱት ቡናው ያው ነው፤ የቡናው ሥርዓት ግን አለቀ። ስለዚህ የቡና አገር ልጅ ቪየና ቡና ቤት ሲቀመጥ ዘመድ መጠየቁ ነው፤ ጊዜን በስኒ የሚያሞቅ ዘመድ።

ሌሎቹን ተቃውሞዎች በአጭሩ እንመልስ። «የባንክ ወረቀት፣ የሥራ ደብዳቤ፣ የጉዞ ኢንሹራንስ አሟልቼ፣ ስንት ቀን ቪዛ ጠብቄ፣ ቡና ቤት ልቀመጥ?» የሚለው ሰው ልፋቱ ይገባናል፤ ነገር ግን ቪዛው የሚቆጥረው ቀን እንጂ የተረገጠ ደረጃ አይደለም። በሁለተኛው ቀን በጉንፋን የተኛ ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያተረፈውን ሁሉ ከነወለዱ ይመልሳል። «ዘመዴ ፈቃድ የወሰደው ለአንድ ቀን ነው» የሚለው ደግሞ ዘመዱን በደንብ አላየውም፤ ዓመቱን ሙሉ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ የሚገባ ሰው ለእረፍት ባገኛት ቀን 343 ደረጃ መውጣት አያምረውም፤ ለወግ ሲል ነው እንጂ እሱም ቁጭ ብሎ ስለ አገር ቤት ቢጠየቅ ይመርጣል። «እንግዲያው ለምን በሐምሌ አንሄድም?» የሚለው ከሁሉም የተሻለ ጥያቄ ነው። ዝርዝሩን መጨረስ የፈለገ በሐምሌ ይሂድ፤ ፀሐይዋ በእኛ አቆጣጠር እስከ ምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ትቆይለታለች። በሐምሌ ግን መስኮቱ ክፍት ነው፣ ቡና ቤቱ ወንበሩን ወደ ደጅ አውጥቷል፣ ከተማው ሁሉ ጋቢውን አውልቋል። ጋቢን ሽሮ ሜዳ ተሰቅሎ ማየትና በታኅሣሥ ማለዳ ለብሶ ማየት አንድ አይደለም።

እንግዲህ የሚሄድ ሰው ምክሩን በአጭሩ ይያዝ። ጓንትና ኮፍያ ከመነሣቱ በፊት ይግዛ፤ እሑድ ከደረሰ ቪየና ላይ አብዛኛው ሱቅ ዝግ ነው። ጫማውን ካልሲው አየር እንዲያገኝ በአንድ ቁጥር ከፍ አድርጎ ይግዛ። ፕሮግራሙንም እንዲሁ ያስፋ። በመጀመሪያው ቀን ሾንብሩን አይሂድ፤ 1,441 ክፍሎቹ ነገም እዚያው ናቸው።